አንድ ክዳን

ከሐይቅ ከተማ በታች፣ ደንገሉ ከሚያልቅበት፣
አንድ ታንኳ አለን፣ ከሙሄ ጋር የምናድርበት፤
ግማሹ የሱ ነው፣ ግማሹ የኔ፤
መቅዘፊያው በሱ በኩል፣ መረቡ በወገኔ።
ፔርሙሱ ግን የጋራ ነበር።

ቀይ አበባው የደበዘዘ፣ ዕድሜው ከታንኳው ያለፈ፣
ቡሹ ከጠፋ ቆይቶ፣ በቆረቆንዳ የተወተፈ።
ሆዱ መስታወት ነውና ሙሄ እንደ እንቁላል ይይዘዋል፣
እሱ በቁር እየተንቀጠቀጠ ፔርሙሱን ፎጣ ያለብሰዋል።

«ምንድነው ሙቀቱን የሚጠብቀው?» አልኩት አንድ ሌሊት።
«ባዶ ነው» አለኝ፣ «በሁለቱ መስታወት መሀል ያለ ባዶነት።
ምንም ስለሌለ ብርዱ ድልድይ አጥቶ ይቀራል፣
ሚሌ እንደሞላበት መንገደኛ ማዶ ቆሞ ያድራል።
ወላሂ! መምህር ነው የነገረኝ።»
እኔስ ባዶ ነገር ሥራ መያዙን ማመን ነው የቸገረኝ።

ጽዋችን ክዳኑ ነው፤ ሌላ የለም።
እሱ፣ ቀጥሎ እኔ፣ ደግሞ እሱ፣ ተራ በተራ፣
ቅርንፉድ የገባበት ሻይ፣ የደነዘዘ ጣት የሚያሠራ።

አምና በሰኔ መረቡን ጉቶ ያዘውና ተቀደደ፤
«አንተ ነህ የሳብከው!» «አንተ ነህ የለቀቅከው!» ነገር ነገርን ወለደ።
አርባ ቀን ተኮራረፍን፣
በአንድ ታንኳ፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን።
ሻይ ግን አለ። ክዳኑ አንድ። ምን እናድርግ?
ሙሄ ፊቱን ወደ እስጢፋኖስ መብራት አዙሮ
ክዳኑን በጎን ይሰደዋል፣ ለማኝ እንደሚያባርር ሰው አኩርፎ፣ አቀርቅሮ።
እኔም ከንፈሩ የነካውን ላለመንካት
ጠርዙን አዞራለሁ፣ አዞራለሁ በጨለማ፤
ክብ ነገር ግን ምን ማዶ አለው? ያው ቅርንፉድ፣ ያው የሱ ትንባሆ ሽታ።
በአርባ አንደኛው ሌሊት ሻዩ ምላሴን ላጠው፤
«እፍ በልበት እንጂ፣ ማን አጣደፈህ!» አለኝ።
ታረቅን ማለት ነው።

ዘንድሮ ልጁ መዲና ከኮምቦልቻ ደሞዝ ተቀብላ
ሁለት ፔርሙስ አመጣች፣ «አንዱ ላንተ፣ አንዱ ለጋሼ ፈንታው» ብላ።
ብረት ነው፤ ቢወድቅ አይሰበር፣ ጠቅ ብሎ የሚዘጋ፣
«ማታ የቀዳችሁት ይፋጃል» አለች «እስኪነጋ»።
እውነቷን ነው። ፀሐይ ወጥታም ይፋጃል።
እግዜር ይስጣት፤ አሮጌው ቆጥ ላይ ወጣ።

እና አሁን
ጠቅ። ፉት። ጠቅ።
እሱ ከታንኳው ጫፍ፣ እኔ ከጫፍ፣
እንደ ሁለት ሻይ ቤት ፊት ለፊት ተከፍተን።
«እንካ» የለ፣ «ልጨምርልህ?» የለ፣ «ለኔም አስቀር» የለ፤
ያ ምንም የማያሻግር ባዶ አሁን በኔና በሱ መሀል አለ።

ባለፈው ሐሙስ ታዲያ የኔን ሆን ብዬ ቤት ተውኩት።
መሀል ሐይቅ ደርሰን፣ መረቡ ወርዶ፣
«ውይ» አልኩ፣ «ረሳሁት።»
ሙሄ ዝም አለ። ቅዘፋውን አቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።
«እኔም» አለ።
ተያየን። በጨለማ መተያየት ከተባለ።
ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ታንኳዋ እስክትናጥ፣
ከዳር ያለች ዳክዬ ደንብራ እስክትነሳ፣
በመረቡ ዙሪያ የነበረ ቆሮሶ ሁሉ ለዘመድ ሊነግር እስኪሸሽ።

እንደዚያ የበረደኝ ሌሊት የለም። የኅዳር ቁር አጥንት ይቆጥራል።
ሻይ የለ፣ ዓሣ የለ፤ አንዲት አምባዛ ብቻ፣ እሷም የክንድ ሩብ፣
ሙሄም ጥርሱ እየተንገጫገጨ «አብሽር፣ ሊነጋ ነው» ይላል፣
ገና እኩለ ሌሊት ሳይሆን።

ጠዋት ስንወጣ ከበቆሎው ማሳ ጥግ ጎንበስ ብሎ አየሁት፤
አንድ ቆረቆንዳ አነሳ፣ በአውራ ጣቱ ለካው፣ ጣለው፤
ሌላ አነሳ፣ ቀጭን ነው መሰለኝ መለሰው፤
ሦስተኛውን በኮቱ ኪስ ከተተ።
ምን ልታደርግበት ነው ብዬ አልጠየቅኩም፤
መቅዘፊያውን ተሸክሜ ቀደምኩት።